ማሽኑ አልደከመም፤ እናንተ አልለካችሁትም!

ሰሞኑን ቦንጋ ነበርኩ። አውቃለሁ፣ ካፋ ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለ ቡና የመጻፍ ግዴታ አለበት። የቡና መገኛነቱ፣ ሙዚየሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌርነት የመዘገበው ደን፣ ማሩ… ይቅርታችሁን፣ ዛሬ አንዱንም አላነሳም። የማወጋችሁ ስለ አንድ ጌም ቤት ነው። በዚያውም ከቦንጋ እስከ መርካቶ ስለተዛመተ አንድ በሽታ። የበሽታው ስም ‹‹ፎርማት ይደረግ›› ይባላል።

ጌም ቤቱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ (ቦንጋ ደግሞ ዝናብ አታጣም) የጎናችሁን ሰው አትሰሙትም። ውስጡ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥንና አንዲት ብሉቱዝ ስፒከር አሉ። ኳስ የሚፈልግ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ይሰለፋል። ዴስክቶፑ የ‹‹ድሮ ጌም›› ነው፤ ሜምና ሬትሮአርክ የሚባሉ ኢሙሌተሮች ተጭነውበታል። ኢሙሌተር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ድሮ በጃፓንና በአሜሪካ የጨዋታ አዳራሾች ሳንቲም እየጎረሱ ይሠሩ የነበሩትን ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ማሽኖች አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሜምን እ.ኤ.አ. በ1997 ያስጀመረው ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ሆኗል። ሜታል ስላግን፣ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስን፣ ስትሪት ፋይተርን የተጫወትን ብዙዎቻችን ሳንቲም በሊታውን ማሽን በዓይናችን አይተነው አናውቅም። (የጨዋታዎቹ ፋይል የማን ንብረት ነው የሚለው ሌላ ትልቅ ጭቅጭቅ ነው። ሌላ ቀን እንጣላበት።)

ባለቤቱ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ ነው። ችግሩን ሊያሳየኝ ኪንግ ኦፍ ፋይተርስን ከፈተ። ተፋላሚው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ስክሪኑ መሐሉ ላይ ይቀደዳል፤ ከወገብ በላይ አንድ ቦታ፣ ከወገብ በታች ሌላ ቦታ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቪሲንክ የምትባለዋን ነገር አበራት። መቀደዱ ቆመ። ግን ጨዋታው እንደ ቀብር ሸኚ ይንቀረፈፍ ጀመር፤ ድምፁም ሞገዱ እንደጠፋበት ራዲዮ ይንጣጣል። መልሶ አጠፋት። ድምፁ ዳነ፣ ስክሪኑ ተቀደደ። ‹‹ከሁለት አንዱን ምረጡ እላቸዋለሁ›› አለኝ እየሳቀ። በሁለቱም ጊዜ ግን አንድ የማይለወጥ ነገር ነበር። ቡጢው ካረፈ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው ድምፁ የሚሰማው። ይቺን ያዙልኝ።

ሦስት ጊዜ ጥገና ሄዷል። የመጀመሪያው ቴክኒሻን ‹‹ፎርማት ይደረግ›› አለ፤ ተደረገ። ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ‹‹ያኛው ሰውዬ በደንብ አልሠራውም፣ ቫይረስ አለበት›› አለና እንደገና ፎርማት አደረገው። የታናሽ እህቱ የምርቃት ፎቶዎች እዚያው ማሽን ላይ ነበሩ። ነበሩ ነው ያልኩት። ‹‹ውስጡ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ?›› ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሦስተኛው ቢያንስ ፎርማት አላለም። ‹‹ማሽኑ ደካማ ነው። ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ካልሆነ ማሽኑን ቀይረው›› አለው። አዲስ አበባ ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

‹‹በቃ እህቴ፣ አቅም ስለሌለኝ ነው›› አለኝ ልጁ።

እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚች ዓረፍተ ነገር ጋር ለመጣላት ነው። ምክንያቱም ውሸት ናት። ልጁ አልዋሸም፤ ተዋሽቶ ነው። ሦስት ባለሙያዎች፣ አንዳቸውም አንዲት ቁጥር እንኳ ሳይለኩ፣ የቴሌቪዥን ሴቲንግ ችግርን ወደ ድህነት ቀየሩበት። ስክሪን መቀደድና ድምፅ መንጣጣት በአብዛኛው የአቅም ጉዳይ አይደለም። የሰዓት ጉዳይ ነው።

እስቲ እንዲህ አስቡት። ፈረንጅ ወዳጃችሁን ‹‹በሦስት ሰዓት እንገናኝ›› ብትሉት እናንተ ጠዋት ትጠብቁታላችሁ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከች ይላል። የእናንተም ሰዓት አልተበላሸም፣ የሱም አልተበላሸም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አልተስማሙም እንጂ። ታዲያ በዚህ ጊዜ አዲስ ሰዓት የሚገዛ ጅል አለ?

ኢሙሌተር ውስጥ ደግሞ ሰዓቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የጨዋታው ነው። ያ የጥንቱ ማሽን በሰከንድ ስንት ምስል ያወጣ ነበር? ሰው ሁሉ 60 ይመስለዋል። አይደለም። ሜታል ስላግና ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ የተሠሩበት ኒዮ ጂኦ 59.19 ነው። ስትሪት ፋይተር 2 59.6፣ ፓክማን 60.6፣ ሞርታል ኮምባት ደግሞ 54.7። እነዚያ ማሽኖች እያንዳንዳቸው ከራሳቸው ስክሪን ጋር ስለተወለዱ ‹‹ከሰው ጋር ልስማማ›› የሚል ጭንቀት አልነበረባቸውም። ሁለተኛው ሰዓት የናንተ ስክሪን ነው፤ ብዙውን ጊዜ 60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሳላል። ሦስተኛው የድምፅ ካርዱ ነው፤ እሱ በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና ይበላል፣ ማንንም አይጠብቅም።

አሁን መቀደዱ ይገባችኋል። ስክሪኑ ግማሽ መንገድ ስሎ ሳለ ጨዋታው አዲስ ምስል ቢያቀብለው ከላይ አሮጌው፣ ከታች አዲሱ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ቫይረስ የለበትም፣ ፎርማትም አይሰማም። ቪሲንክ የሚሠራው ጨዋታውን ‹‹ስክሪኑ ተስሎ እስኪያልቅ ጠብቅ›› ማለት ነው። ይሁንና ጨዋታውን የስክሪኑ ጥገኛ ባደረግነው ቅጽበት የጨዋታው ፍጥነት የስክሪኑ ፍጥነት ይሆናል። ያኔ ከሦስተኛው ሰዓት ጋር ጠብ ይነሣል።

ድምፅን እንደ ሮቶ ውኃ ቁጠሩት። ጨዋታው ከላይ ይሞላል፣ የድምፅ ካርዱ ከታች ይቀዳል። ኒዮ ጂኦ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር 811 ናሙና ያቀብላል። በ59.19 ሲሄድ ልክ 48,000 ገደማ ይሆናል፤ የገባው ወጣ። ስክሪኑ 60 ከሆነና ጨዋታው ከሱ ጋር ከታሰረ ግን በሰከንድ 48,660 ይገባል። 660 ትርፍ! ትንሽ ትመስላለች፤ ግን የሚቆጣጠራት ከሌለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድምፁ ከምስሉ ወደ 0.8 ሰከንድ ይርቃል፣ አለዚያም ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ያኔ ይንጣጣል።

ወደ ቦንጋው ማሽን ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ሜም ላይ ጨዋታ ከፍቶ ኤፍ 11ን መጫን ነበር። ሜም ፍጥነቱን በመቶኛ ይጽፍላችኋል። 100 አለ። ቆይቼም አየሁት፣ 100። ጎበዝ፣ ይህ እኮ የምርመራው ግማሽ ነው! ማሽኑ ቢደክም ኖሮ 80፣ 70 እያለ ይወርድ ነበር። ‹‹ደካማ ነው›› የተባለው ማሽን ጨዋታውን በሙሉ ፍጥነቱ ተሸክሞ እየሄደ ነው። ሦስቱ ቴክኒሻኖች ይህችን አንዲት ቁልፍ ተጭነው ቢሆን ኖሮ የግራፊክስ ካርዱ ወሬ እዚያው ያበቃ ነበር።

ቀጥዬ ዊንዶውስ ውስጥ የስክሪኑን ሴቲንግ ከፈትኩ። 50 ሄርዝ ይላል።

ሃምሳ!

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አገራችን የመብራት መስመሯ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ቴሌቪዥናችንም በፓል ሥርዓት 50 ላይ ያደገ ነው። ለእኛ ዓይነት አገር የሚመጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች 60ንም ይችላሉ፤ ከኮምፒውተር ጋር ሲተዋወቁ ግን አንዳንዶቹ ቀድመው 50ን ያቀርባሉ። ዊንዶውስም አይከራከርም፣ ይቀበላል። ሒሳቡን ሥሩት እንግዲህ። ቪሲንክ ሲበራ 59.19 የነበረው ጨዋታ ወደ 50 ይወርዳል፤ ከመቶ 84 ገደማ። ለዚህ ነው እንደ ቀብር ሸኚ የሚንቀረፈፈው። ድምፁም 811 ሲባዛ በ50፣ 40,550 ይሆናል። ካርዱ 48,000 ይፈልጋል፤ በየሰከንዱ 7,450 ጎደለ። ሮቶው ባዶውን ያንጠባጥባል፣ ስፒከሩ ይንጣጣል። ቪሲንክ ሲጠፋ ደግሞ ጨዋታው በራሱ ፍጥነት ይሮጣል፣ ስክሪኑም ይቀደዳል። ‹‹ከሁለት አንዱን ምረጡ›› የተባለው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ፎርማት ባደረጉት ቁጥር ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ፤ እንደ አዲስም 50 ላይ ይስማማሉ። የልጁ እህት ፎቶ የጠፋው በሽታውን መልሶ ለመትከል ነው።

50ን ወደ 60 ቀየርኩት። ቪሲንክን አበራሁት። ሬትሮአርክ ውስጥ ደግሞ ድምፅን እየለካ የሚያስተካክለው ቁጥጥር መብራቱን አየሁ፤ ሲጫን ጀምሮ በርቶ ነው የሚመጣው። ይህን ብልሃት ኖርዌያዊው ሃንስ ክርስቲያን አርንትሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎ አስረድቶታል። ሐሳቡ የዋህ ነው። ሮቶው ሲሞላ ድምፁን ቅንጣት ታህል አፍጥነው፣ ሲጎድል ቅንጣት ታህል አዘግየው፤ ለውጡ ከ0.5 በመቶ ስለማይበልጥ ጆሮ አያውቀውም። ከሱ በፊት ደግሞ ፕሮግራሙ ጨዋታውንና ስክሪኑን ያስተያያል። ልዩነታቸው ከ5 በመቶ ካልበለጠ ጨዋታውን ከስክሪኑ ጋር ያስማማዋል። የኒዮ ጂኦ ልዩነት ከ60 ጋር 1.4 በመቶ ነው፤ ያልፋል። ከ50 ጋር ግን ልዩነቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለነበር ፕሮግራሙ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ተከፈተ። አልተቀደደም። አልተንጣጣም። የወጣ ገንዘብ፣ ዜሮ ብር።

‹‹አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?›› የምትሉኝ አትጠፉም። ከዚያው ከሙያዬ። ቪዲዮ ያቀናበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በስልክ የተቀረጸ አንድ ሰዓት ቃለ ምልልስ ስታቀናብሩ መጀመሪያው ልክ ነው፣ መጨረሻው ላይ የሰውየው ከንፈር ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። በሰከንድ 30 ምስል ተብሎ የተነበበው በእውነት 29.97 ከነበረ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ይንሸራተታል። የሠራሁበት ቦታ ችግሩ ሲመጣ ‹‹ኮምፒውተሩ ሰነፍ ነው›› ነበር የሚባለው። አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ። ከንፈሩም እንደ ቀድሞው ሳይገጥም ቀጠለ።

አሁን ለቴክኒሻኖቹ ልከራከርላቸው፤ አለዚያ ፍርደ ገምድል እባላለሁ። ፎርማት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አረንጓዴ መስመር እየሞላ ይሄዳል፣ ባለ ማሽኑ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ‹‹እየተሠራልኝ ነው›› ይላል። 50ን ወደ 60 መቀየር ግን ሰላሳ ሰከንድ ነው። ለሰላሳ ሰከንድ ሥራ ማን ብር ይከፍላል? እኛው ደንበኞቹ ነን ‹‹ቁልፍ ለነካህበት?›› ብለን የምንጮኸው። ስለዚህ ልጁ ረጅሙንና የሚታየውን ሥራ ይመርጣል። ክሊኒክ ስንሄድ ከምርመራው በፊት ካርድ እናወጣለን፤ ማንም ‹‹ገና ሳታክመኝ?›› አይልም። ጥገና ቤትም ካርድ ያውጣ! ለመለካት፣ ለማየት፣ ለመጠየቅ ይከፈለው። ከዚያ በኋላ ሳይለካ ፎርማት ያደረገ ቴክኒሻን ሳይመረምር ሆድ የቀደደ ሐኪም ነው ብንል አፋችንን ሞልተን ነው።

ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ ወደ ‹‹አራዶቹ››። እነዚህ ጥገና ቤት አይሄዱም፣ ቪዲዮ ያያሉ። ‹‹ሁሉንም አብራ መቶ በመቶ ይሠራል›› የሚል ቪዲዮ። ሜም ላይ ሲንክ ሪፍሬሽ የምትባለዋን ያበራሉ፤ የሜም መመሪያ ራሱ ‹‹ይህን ካበራችሁ የድምፅ ችግር ሊገጥማችሁ ይችላል›› ብሎ እያስጠነቀቀ! እሷ የተሠራችው የስክሪናቸውን ሰዓት ከጨዋታው ጋር በጥንቃቄ ላስማሙ ሰዎች ነው። ለተራ 60 ሄርዝ ስክሪን የምትሻለው ሪፍሬሽ ስፒድ የምትባለዋ ናት። ፓክማን 60.6 ስለሆነ ወደ 99 በመቶ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ድምፁም አብሮ ዝቅ ስለሚል አይጣሉም። ይህንን ለማወቅ ቪዲዮ አያስፈልግም፣ መመሪያው በነፃ አለ። ማንበብ ፋራነት ሆኖብን ነው እንጂ።

ከአራዶቹ ውስጥ ግን በእውነት የሚሞግቱኝ አሉ። ‹‹ቪሲንክ እጅ ያዘገያል፤ ቁልፍ ተጭኜ ቡጢው እስኪወጣ እሸነፋለሁ›› ይላሉ። ልክ ናቸው። በ60 ሄርዝ ስክሪን የሚጠበቀው እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ሁለትና ሦስት ከተደራረበ የሰለጠነ እጅ ያውቀዋል። ለዚህ ሬትሮአርክ እ.ኤ.አ. በ2018 ‹‹ራን አሄድ›› የሚባል ዘዴ አምጥቷል፤ ጨዋታውን በስውር ወደፊት አሂዶ መዘግየቱን ይቆርጠዋል። ይህ ግን አንድን ሥራ ደጋግሞ መሥራት ስለሆነ ፕሮሰሰር ይበላል። እዚህ ላይ ‹‹ማሽኔ አልቻለም›› ብትሉኝ አምናችኋለሁ። ለክታችሁ እስከሆነ ድረስ።

ሞርታል ኮምባትም አለ፤ እሱን ማንም አያድንላችሁም። 54.7 ነው። ከ60 ጋር ብታስሩት ወደ 10 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ሙዚቃው የአይጥ ይሆናል፤ 5 በመቶውን ድንበር ስለሚያልፍ ሬትሮአርክም አያስማማውም። ስክሪኑ ራሱ ለጨዋታው ሲል ፍጥነቱን የሚቀያይርበት ቴክኖሎጂ አለ፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂ ሲንክን ይፋ ካደረገ ወዲህ ተስፋፍቷል። እኔ የማውቃቸው ጌም ቤቶች ግን አያውቁትም፣ ዋጋውም እንደዚያው። ስለዚህ ሞርታል ኮምባትን ትንሽ እየተንገጫገጨ ተጫወቱት፤ የዓለም መጨረሻ አይደለም።

‹‹ለጌም ነው ይህ ሁሉ?›› ለሚሉ ትልልቅ ሰዎች አንድ ቃል ብቻ አለኝ። ጌም ቤት ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ይከፈት አይከፈት የሚለው ሙግት ተገቢ ነው፣ እኔም አስተያየት አለኝ። ነገር ግን ያ ልጅ በዚያ ማሽን ቤት ኪራይ ይከፍላል። ለሱ ጌም አይደለም፣ ሥራ ነው።

ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ደግሞ አልረሳኋትም። ስክሪኑና ፍጥነቱ ተስተካክሎም ቡጢው ካረፈ በኋላ ነበር ድምፁ የሚመጣው። የዚህ ተጠያቂ ኢሙሌተሩ አይደለም፣ ብሉቱዝ ስፒከሯ ናት። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮ፣ መልሶ እስኪፈታው ከአንድ አስረኛ እስከ ሁለት አስረኛ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሙዚቃ ስትሰሙ አይታወቃችሁም፣ ቡጢ ላይ ግን ያፈጣል። ልጁ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ አሮጌ ገመድ ፈልጎ አወጣና ስፒከሯን በገመድ ሰካት። ቴሌቪዥኑንም የጌም ሞድ ላይ አደረግነው፤ ቴሌቪዥን ምስልን ‹‹ለማሳመር›› የሚያጠፋው ጊዜም አለና። በስልካችሁ የምትጫወቱም ጆሯችሁ ላይ ያለውን ገመድ አልባ ነገር አውልቃችሁ ሞክሩት።

በማግሥቱ ከመሄዴ በፊት ብቅ አልኩ። ከቆርቆሮው በታች ጫጫታ ነው፣ በካፊኖኖም በአማርኛም። ባለቤቱ በር ላይ ተቀበለኝ፤ ፊቱ ግን ያሰብኩትን ያህል አልፈካም።

‹‹ምነው፣ ተመልሶ ተቀደደ?››

‹‹ኧረ አልተቀደደም። ጎበዞቹ ናቸው ያስቸገሩኝ። ለወራት በቀርፋፋው ተለማምደው አሁን ጌሙ ፈጠነብን፣ ተሸነፍን ይላሉ። ትናንትና የማያውቁት ሕፃናት እየደበደቧቸው ነው።›› ቀና ብሎ ወደ ውስጥ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ‹‹እህቴ፣ ያቺን 50 የት ነው የነካሽው? ለነሱ ብቻ ማታ ማታ ልመልስላቸው?››